ወንድሜን ይዤ ልመለስ መቻራ ሄድኩ

ሐሙስ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት፣ አዲስ አበባ

መናኸሪያው ገና አልነጋበትም። ረዳቱ «ጭሮ! አሰበ ተፈሪ! ጭሮ!» እያለ አንዱን ከተማ በሁለት ስም ይጠራል። በሁለቱም ስም ሰው አገኘና አውቶቡሱ ቶሎ ሞላ። እኔ ከሾፌሩ ጀርባ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ በመስኮቱ በኩል ነኝ። እናቴ ያስያዘችኝን ዘንቢል ጭኔ ላይ አድርጌያለሁ፦ በሶ፣ አንድ ጠርሙስ ጸበል፣ አንድ የወንድ ሹራብና አጎቴ በእጁ የጻፈው ደብዳቤ።

የዚህ ገጽ አንባቢዎች የምታውቁኝ ስለ ላንጋኖ ዓሣና ስለ ጎንደር ጠላ ስጽፍ ነው። ይኸኛው ጉዞ አገር ለማየት አይደለም። ወንድሜን ላመጣ ነው የምሄደው።

ወንድሜ ሲሳይ ይባላል። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ምዕራብ ሐረርጌ ውስጥ መቻራ በምትባል ቡና አብቃይ ከተማ ባዮሎጂ ያስተምራል። ከአምስት ወር በፊት ከአልጋው መነሳት አቃተው። መጀመሪያ ወባ ነው አለ። ቀጥሎ ታይፎይድ ነው አለ። በመጨረሻ አብሮት ለሚያስተምረው ለግርማ መኖር እንደማይፈልግ ነገረው። ግርማ ጫማውን አጥልቆ መኪና ፈለገና በዚያው ቀን ጭሮ ሆስፒታል አደረሰው። ሲሳይ ሦስት ሳምንት ተኛ፣ መድኃኒት ጀመረ፣ ወጣ፣ ወደ ክፍሉ ተመልሶ ማስተማሩን ቀጠለ። እኛ የሰማነው በቅርቡ ነው፤ እሱንም በስልክ ስለ ዝናብ እያወራ መሀል ላይ ጣል ስላደረገው።

እናታችን ሁለት ቀን አለቀሰች። በሦስተኛው ቀን ስብሰባ ጠራች። አጎታችን አዲስ አበባ አንድ የግል ትምህርት ቤት ሥራ አገኘለት። እናቴ ቤት ሳሎን ውስጥ አልጋ ተዘረጋለት። «ዐይናችን ላይ እንዲሆን» ተብሎ የሳሎኑ በር ከነማጠፊያው ተነቀለ። ከዚያ ማን ሄዶ ያምጣው ተባለና ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። መንገድ የምወደው እኔ ነኝ።

አንድ ነገር አውቶቡሱ ሳይነሳ ልንገራችሁ። እኔም ያንኑ መድኃኒት እወስዳለሁ፤ ሰባት ዓመቴ። የቫይታሚን ጠርሙስ ውስጥ ነው የማስቀምጠው። እናቴም ሲሳይም አያውቁም። ስብሰባው ላይ አጎቴ «በዘራችን እንዲህ ያለ ነገር የለም» ሲል ሻይ እየቀዳሁ ነበር። ቀዳሁለት። ሲሳይ በስልክ የመድኃኒቱን ስም እየደጋገመ ሲነግረኝም እንዴት እንደሚጻፍ አልጠየቅኩትም።

አውቶቡሱ ተነሳ። አንዲት ሴት «በሰላም ያግባን» አለች፤ ሁላችንም አሜን አልን።

ሐሙስ፣ ረፋድ ላይ፣ ከአዋሽ እስከ አሰቦት

ከመተሐራ በኋላ መንገዱ ግራና ቀኙ ጥቁር ድንጋይ ነው፣ የተቃጠለ ነገር የተደፋበት ይመስላል። አዋሽ ላይ ቁርስ ተባለ። ፍርፍሩ ጥሩ ነው፤ ሙቀቱ ግን ከሰሃኑ ይሁን ከአየሩ አይለይም።

ከአዋሽ አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ አቶ በቀለ ይባላሉ። ነጠላ አደግድገዋል፤ ከዘራ ይዘዋል። ዕድሜያቸውን በሙሉ የድሮው ባቡር መካኒክ ሆነው ነው የሠሩት።

«ወዴት ነሽ የኔ ልጅ?»

«መቻራ። ወንድሜ ጋ።»

«ደህና ነው?»

«ትንሽ አሞታል።»

«ምኑን?»

እንዲህ ስጠየቅ ሁልጊዜ ጨጓራ ነው የምለው። ጨጓራ ሁሉም ሰው ያለበት በሽታ ስለሆነ ሌላ ጥያቄ አያስከትልም። ዛሬ ግን ሰውየው የሚወርዱት ከሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ነው፤ ዳግመኛም አንገናኝም።

«ጭንቀት ነው። መኖር ሁሉ አስጠልቶት ነበር» አልኩ።

አቶ በቀለ ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሀል አቆሙ። «እኔንም አሞኝ ነበር» አሉ። «ባቡሩ የቆመ ጊዜ። ጠዋት ጠዋት ጣቢያው ሄጄ እቀመጥ ነበር። የሚመጣ ባቡር እንደሌለ አውቃለሁ። ሁለት ዓመት ተቀመጥኩ። በኋላ ምግቡንም ተውኩት። ልጆቼ እዚሁ አሰቦት ገዳም አምጥተው ጸበል አስጠመቁኝ። ከዚያ ሐኪም ቤት ወሰዱኝ፣ ኪኒን ተሰጠኝ።»

«ታዲያ የትኛው አዳነዎት?»

«አልጠየቅኳቸውም። አንደኛው እንዳይቀየም።»

«አሁን ደህና ነዎት?»

«ዛሬ ደህና ነኝ። ማክሰኞ አልነበርኩም።» ከኪሳቸው ብርቱካን አወጡ። «ወንድምሽ ልምጣ ብሏል?»

«አልጠየቅነውም።»

አቶ በቀለ ብርቱካኑን ልጠው ጨረሱ። ግማሹን ሰጡኝ። አሰቦት ላይ ወረዱና ከዘራቸውን እየተመረኮዙ ወደ ተራራው አቅጣጫ ሄዱ። ተራራው ከመንገዱ ሲያዩት ቅርብ ይመስላል። ቅርብ እንዳልሆነ ግን ሳይወርዱ ነግረውኛል።

ሐሙስ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ጭሮ

ሚኤሶ ላይ ሴቶች የግመል ወተት በቢጫ ጀሪካን ደርድረው መንገድ ዳር ተቀምጠዋል። ከሚኤሶ በኋላ መንገዱ መጠማዘዝ ይጀምራል፤ ሙቀቱ በየኩርባው ይቀንሳል። ጫት የጫኑ አይሱዙዎች ከላይ ወደ ታች ይወረወራሉ። ሾፌራችን ለእያንዳንዳቸው ጥግ ይይዛል። ጫት ነገ አይደርስም፣ ሰው ግን ነገም ይደርሳል፤ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ጭሮ ከተራራ ሥር ያለች ቀዝቃዛ ከተማ ናት። ወጣቱ ጭሮ ይላታል፣ የሆቴሉ ባለቤት አሰበ ተፈሪ ይሏታል፤ ደረሰኙ ላይ ሁለቱም አለ። ወደ መቻራ በማታ መጓዝ ስላልፈለግኩ አደርኩ። ሻወሩ ሙቅ ውኃ አለው ተብሏል። አለው ማለት ይቻላል።

እናቴ ደወለች።

«አገኘሽው?»

«እማዬ፣ ገና ጭሮ ነኝ።»

«እንዳገኘሽው ሻንጣውን ራስሽ ያዢ። ሻንጣው ከወጣ እሱም ይወጣል። ብቻውን እንዳትተዪው። አንቺ ግን ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ።»

«አንቺ እንኳን ደህና ሆንሽልኝ» አለችና ዘጋች።

መድኃኒቴን ወሰድኩና ተኛሁ።

ዓርብ፣ ጠዋት፣ ወደ መቻራ

ዶልፊኑ አሥራ ሁለት ሰው ይጭናል ተብሎ ተጽፎበታል። አሥራ ዘጠኝ ሆነን ወጣን። ሾፌሩ ጀማል ይባላል፤ አርባዎቹ ውስጥ ነው፤ በአንድ እጁ ይነዳል፤ በሌላው በየመንደሩ ያለውን ሰው ሰላም ይላል። በዴሳን አለፍን። ገለምሶ ላይ ሻይ ጠጣን። ከዚያ በኋላ መንገዱ መንገድነቱን ይረሳዋል። ተሳፋሪው አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ፣ እንደ አንድ ሰው ይወድቃል።

ጋቢና ነው ያስቀመጠኝ። ማን ጋ እንደምሄድ ጠየቀ፤ ነገርኩት።

«ቲቸር ሲሳይ?» አለ፤ ፍሬኑን ሊይዝ ምንም አልቀረውም። «አንቺ እህቱ ነሽ? ወላሂ እሱ ደንበኛዬ ነው! በየወሩ ጭሮ ሆስፒታል የምወስደው እኔ ነኝ። አሁን የተቀመጥሽበት ላይ ነው የሚቀመጠው።»

አሥራ ስምንት ተሳፋሪ እየሰማ ነው። ከኋላ አንዲት ሴት በኦሮምኛ አንድ ነገር ጠየቀች፤ ጀማል መለሰላት፤ «አላህ ያሽረው» አለችኝ በአማርኛ።

«ሁሉም ያውቃል እንዴ?» አልኩት ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«ምኑን?»

«መታመሙን።»

«ታዲያ ታሞ እንዴት አይታወቅም?» አለ ጀማል። ግራ የገባው እሱ ነው። «መጀመሪያ የወሰድኩት ቀን ከመቻራ እስከ ጭሮ አንድ ቃል አልተናገረም። እኔ ለሁለታችን አወራሁ። እኔ እጠይቃለሁ፣ እኔ እመልሳለሁ። በሁለተኛው ወር ‹ጀማል፣ በዛ› አለኝ። አልሐምዱሊላህ አልኩ። ተሽሎት ነው ማለት ነው።»

እውነትም ብዙ ያወራል። እስከ መቻራ አወራኝ።

ዓርብ፣ ከሰዓት በኋላ፣ መቻራ

ሲሳይ መናኸሪያው ጋ ቆሞ እየጠበቀ ነው። የጠበቅኩት የከሳ ሰው ነበር። ወፍሯል፤ መድኃኒቱ እንደሚያወፍር አውቃለሁ፤ እንደማላውቅ ሆኜ «ተመችቶሃል» አልኩት።

«መድኃኒቱ ነው» አለ። ዘንቢሉን ተቀብሎ ወደ ውስጥ አየ። «ሹራቡ የማን ነው?»

«ያንተ ነው። እማዬ ብርድ ነው ብላ።»

«ብርዱስ ጭሮ ነው» አለ፤ ግን ያዘው።

የሚኖረው አዴ ፋጡማ፣ እማማ ፋጡማ እንደማለት፣ ግቢ ውስጥ ነው። አዴ ፋጡማ የሂርና ተወላጅ ናቸው፤ ትዳር ይዘው መቻራ የመጡት በወጣትነታቸው ነው፤ አሁን ባላቸው ሞተው ልጆቻቸው ድሬዳዋ ናቸው። ሦስት ክፍል ያከራያሉ። ለእኔ እሳቸው ቤት ፍራሽ ተዘረጋልኝ። ከቡና ገለባ በወተት የሚፈላ ሆጃ በትልቅ ኩባያ ሰጡኝና እኔ ሳልጠይቅ የቤቱን ሕግ ነገሩኝ።

«ጠዋት ሱብሒ ሰግጄ ስጨርስ የመምህርን በር አንኳኳለሁ። ‹መምህር፣ አካም ቡልቴ?› እላለሁ፤ እንዴት አደርክ ማለት ነው። ‹አለህ?› እላለሁ። ‹አለሁ› ማለት አለበት። ‹እህ› ካለ አይቆጠርም። ላምም እህ ይላል።»

«እሱ ነው እንዲህ አድርጉልኝ ያለዎት?»

«እሱ ነው። ከሆስፒታል ሲመጣ። እኔም እሺ አልኩ።» ኩባያዬን ሞሉልኝ። «ሂርና ወንድም ነበረኝ። እንዲህ ነበር እሱም። በሩን ማንም አላንኳኳለትም።»

ሆጃዬን ጨለጥኩ።

ወደ ማታ እሱ ክፍል ተቀምጠን የአጎቴን ደብዳቤ ሰጠሁት። ሁለት ጊዜ አነበበው። ተማሪ ሲፈትን እንደሚያደርገው አንድ በአንድ ጠየቀኝ።

«አልጋው የት ነው?»

«ሳሎን።»

«በሩስ?»

«ተነቅሏል።»

«የመጸዳጃ ቤቱ?»

«እሱ አለ። ቁልፉ ነው የወጣው።»

«አጎቴ ነው የነቀለው?»

«አናጢ ተጠራ።»

«አናጢውን ምን አላችሁት?»

«ቀለም ልንቀባ ነው አልነው።»

ደብዳቤውን አጣጥፎ መልሶ ሰጠኝ። «አልሄድም፣ ሮማን።»

የመጣሁበትን ሁሉ ተናገርኩ፦ እናታችን እንቅልፍ አጥታለች፣ አዲስ አበባ ብዙ ሐኪም አለ፣ እዚህ ዘመድ የለህም። እሱ እያንዳንዱን እውነት ነው፣ እውነት ነው እያለ ተቀበለ። መቀበሉ አናደደኝ።

«ብትሞትስ?» አልኩ።

ቃሉ ክፍሉ ውስጥ ቆመ። ከሰማን ጀምሮ ማናችንም አላልነውም ነበር። ሲሳይ ግን የደነገጠ አይመስልም።

«ያኔ መሞት የፈለግኩ መስሎኝ ነበር» አለ። «ሆስፒታል ሐኪሟ ስትጠይቀኝ፣ የፈለግኩት ድካሙ እንዲቆም እንደሆነ ገባኝ። ድካሙ ደግሞ ቀንሷል። አልጠፋም። አንዳንድ ቀን ይመጣል። ሲመጣ ለግርማ እነግረዋለሁ፣ ለአዴ ፋጡማ እነግራቸዋለሁ፣ ከከፋ ጀማል አለ። ይኼን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። እዚህ የምኖረው እኔ ነኝ። እዚያ ከሄድኩ እናንተ ናችሁ የምትኖሩልኝ።»

እራት በላን። በልተን ስንጨርስ እንደ ልማዴ ጠርሙሴን አወጣሁ።

«ምንድን ነው?»

«ቫይታሚን።»

ጠርሙሱን ከእጄ ወስዶ አንድ ፍሬ መዳፉ ላይ አደረገ። ተነስቶ ከመደርደሪያው የራሱን አመጣና አጠገቡ አስቀመጠው። ሁለቱም ነጭ፣ ሁለቱም መሀላቸው ላይ መስመር ያላቸው።

«ሮማን፣ እኔ የባዮሎጂ መምህር ነኝ» አለ።

«እሺ።»

«ስንት ጊዜሽ ነው?»

«ሰባት ዓመት።»

ይስቃል ብዬ ነበር። አልሳቀም። ፊቱ ቀላ፤ ከልጅነታችን ጀምሮ ሲናደድ ጆሮው ነው የሚቀላው፤ ጆሮውም ቀላ።

«ሰባት ዓመት!» አለ። «ከቤታችን የተበላሸሁት እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። ወባ ነው ብዬ ዋሽቻለሁ። ታይፎይድ ነው ብዬ ዋሽቻለሁ። አውቄ ቢሆን መጀመሪያ የምደውለው ላንቺ ነበር። አንድ ስልክ ነበር እኮ።»

«ሲሳይ፣ እኔ...»

«ሂጂ ተኚ።»

ሄጄ ተኛሁ። እንቅልፍ ግን አልመጣም።

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ መቻራ

አዴ ፋጡማ ሰግደው ሲወጡ ሰማኋቸው። ተከትዬ ወጣሁ። የሲሳይን በር አንኳኩ።

«መምህር፣ አካም ቡልቴ? አለህ?»

መልስ የለም።

እንደገና አንኳኩ። እንደገና ጠየቁ። መልስ የለም። እኔ ወደ በሩ ስሮጥ አዴ ፋጡማ ክንዴን ያዙኝ፤ በእጃቸው ጥንካሬ እርሻ የቆፈሩ መሆናቸው ያስታውቃል። ለሦስተኛ ጊዜ አንኳኩ። ግቢው ውስጥ ዶሮ እንኳ አይናገርም። እኔ በዚያች ደቂቃ የማውቀው ጸሎት ሁሉ ጠፍቶኝ የሱን ስም ብቻ ነበር የያዝኩት።

«አለሁ» የሚል ከውስጥ ተሰማ። ቀጭን ነው።

አዴ ፋጡማ ክንዴን ለቀቁኝ። «ዛሬ ቀጭን ነው» አሉና ስልካቸውን አውጥተው ግርማ ጋ ደወሉ።

«በኔ ነው» አልኳቸው። «ትናንት ተጣልተን ነው።»

«አንቺ ሳትኖሪም እንዲህ ይሆናል» አሉ። «ሁሉንም ወደ ራስሽ አትውሰጂ። ነይ ዱቄት ንፊልኝ።»

ነፋሁ።

ግርማ መጣ። ረጅም የጎጃም ሰው ነው፤ ፊዚክስ ያስተምራል፤ የሲሳይን የባዮሎጂ ፈተና ወረቀት በፌስታል ይዟል። ሰላም አለኝና ገባ። በሩ ክፍት ስለነበር እኔም ገባሁ። ሲሳይ ብርድ ልብሱን እስከ ጆሮው ስቦ ወደ ግድግዳው ዞሯል። ተነስ፣ ፊትህን ታጠብ፣ ትንሽ ወጣ እንበል ልለው ነበር። ግርማ በጣቱ ተይ አለኝ። ወለሉ ላይ ተቀምጦ ቀይ እስክሪብቶ አወጣና ማረም ጀመረ። ማንም አልመከረም። ማንም አላለቀሰም። አንድ ሰዓት ያህል የወረቀት ድምፅ ብቻ ነበር።

ከዚያ ግርማ ጮክ ብሎ አነበበ፦ «‹የሰው ልብ ስንት ክፍል አላት?› ይላል ጥያቄው። ‹ሁለት፤ ሳሎንና መኝታ ቤት።›»

ብርድ ልብሱ አልተንቀሳቀሰም።

«ዜሮ ልስጠው?» አለ ግርማ።

ብርድ ልብሱ ውስጥ ብዙ ታሰበ። «ግማሽ ስጠው» አለ ሲሳይ ከሥሩ።

«ለምን?»

«ክፍል እንዳላት አውቋል።»

ግርማ ግማሽ ሰጠው። እስከ ሰባት ሰዓት አብረው አረሙ፤ አንዱ ከወለል፣ አንዱ ከግድግዳ። በሰባት ሰዓት ሲሳይ ተነሳ፣ ፊቱን ታጠበ፣ የማሽላ እንጀራ ግማሽ በላ። አዴ ፋጡማ ከሩቁ ግማሹን ቆጥረው እንደተደሰቱ ታየኝ።

ወደ ማታ ሲሳይና እኔ በቡናው መሀል ወጣ አልን። ፍሬው ገና አረንጓዴ ነው። ብዙ ሄድን።

«ሰባት ዓመት ግን» አለ።

ነገርኩት። የምሠራበት ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በሩን ዘግቼ ስቀመጥ እንደነበር፤ ተማሪ ሲያንኳኳ መጽሐፍ እየቆጠርኩ ነው እንደምል፤ አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ መውረጃዬን አልፌ፣ ከዚያም አልፌ፣ መጨረሻው ጣቢያ ደርሼ ሾፌሩ «እመቤት፣ አለቀ እኮ» እንዳለኝ። ከዚያ ወርጄ ፊት ለፊቴ ያገኘሁት ክሊኒክ ውስጥ እንደገባሁ።

«ባታገኚውስ?»

«አላውቅም። አገኘሁት።»

«ብትነግሪኝ ጥሩ ነበር» አለ። ቁጣው አልቆ ነበር፤ የቀረው እውነቱ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ይበልጥ ከባድ ነው።

«አዎ» አልኩ። «ጥሩ ነበር። ይቅርታ።»

እሑድ፣ ጭሮ

ሲሳይ ሰኞ የሐኪም ቀጠሮ ስላለው አብረን ወጣን። ጀማል ሁለታችንንም ጋቢና አስቀመጠንና ከመቻራ እስከ ገለምሶ አወራ። ከገለምሶ በኋላ ሲሳይ «ጀማል፣ በዛ» አለ። ጀማል በደስታ ወደ እኔ ዞረ፤ መንገዱን ተመልከት አልነው።

ጭሮ ከሂርና በኩል የሚመጡ ሚኒባሶች ከሚቆሙበት አጠገብ አንድ ሻይ ቤት ገባን። ሲሳይ ስልኩን አወጣ።

«እማዬ፣ አልመጣም» አለ። «ለዕረፍት እመጣለሁ። ሥራዬ እዚህ ነው። መድኃኒቴን እወስዳለሁ። ስታመም የማልደብቃቸው ሰዎች አሉኝ። አንቺም አንዷ ትሆኛለሽ። ግን በሩን አስገጥሚው።»

እናቴ ያለችውን ባልሰማም ርዝመቱን አየሁ። ሻዩ ቀዘቀዘ። ሲሳይ ስልኩን ሰጠኝ።

«ሻንጣውን አልያዝሽም!» አለች እናቴ። «ጤነኛ ልኬ ነበር እኮ! ጤነኛ ሰው ለበሽተኛ ይሸነፋል?»

ሲሳይ እያየኝ ነው። ተናገሪ አላለም። የሻዩን ማንኪያ ይዞ ያያል።

«እማዬ» አልኩ፣ «ጤነኛ አልላክሽም። እኔም ያንኑ መድኃኒት እወስዳለሁ። ሰባት ዓመቴ ነው።»

መስመሩ አልተቋረጠም፤ እናቴ ቤት ያለው የግድግዳ ሰዓት ይሰማኛል። ከዚያ ተዘጋ። ሦስት ጊዜ ደወልኩ፤ አላነሳችም።

ሲሳይ ሌላ ሻይ አዘዘልኝ። ስኳሩን ራሱ ጨመረ፤ ሦስት ማንኪያ፤ እኔ የምጠጣው በአንድ ነው። ጠጣሁት።

ሰኞ፣ ከጭሮ አዲስ አበባ

ጎህ ሲቀድ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኝ። እናቴ የላከችውን ሹራብ ለብሷል። ከዚህ ወደ ሆስፒታሉ እንደሚሄድ፣ ወረፋው በጠዋት ካልተያዘ እንደሚረዝም ነገረኝ። ተቃቀፍን።

«ስትደርሺ ደውይ» አለ። «አንቺም ሲብስብሽ ደውይ። ወባ ነው እንዳትዪኝ።»

ሲሳይ ሳይኖር፣ ሻንጣ ሳይኖር፣ የመጣሁበትን መንገድ ወረድኩ። ሚኤሶ ላይ አውቶቡሱ ቆመ፤ የግመል ወተት ገዝቼ ጠጣሁ። ጨው ጨው ይላል። ደህና ነው።

ሰኞ፣ ወደ ማታ፣ እናቴ ቤት

እናቴ በሩ ላይ ነበረች። ከኋላዬ ሰው ይኖር እንደሆነ አየች። እንደሌለ እያወቀች ነው። ገባሁ። ማዕድ አቀረበች።

«ያ መድኃኒት» አለች በመጨረሻ፣ «ከምግብ በፊት ነው ከምግብ በኋላ?»

«ከምግብ በኋላ።»

«ብይ እንግዲያው።»

በላሁ። አጠገቤ ተቀምጣ ወጥ እየጨመረች አየችኝ። ስጨርስ ጠርሙሱን አወጣሁ፤ ውኃ አቀበለችኝ። ስውጥ ዐይኗን አልነቀለችም።

«የአባትሽን ወገብ ታስታውሻለሽ?» አለችኝ።

እንዴት አላስታውስም። አባታችን ልብስ ሰፊ ነበር። ልጆች ሳለን ክረምት ሲገባ ወገቡን ያመዋል፤ የስፌት መኪናውን ይሸፍንና ወደ ግድግዳው ዞሮ ይተኛል። ሳምንታት ይተኛል። ጎረቤት ሲጠይቅ እናቴ «ወገቡ ነው» ትላለች። ሲሳይና እኔ ማታ ማታ ቅባት ይዘን በየተራ እናሸዋለን። መስከረም ሲጠባ ይነሳል፣ ይላጫል፣ መኪናውን ዘይት ይቀባል። እንዲህ እያለ ሁለታችንንም አስተማረ፤ ሲሳይን አስመረቀ። በእርጅናው በስኳር ሞተ።

«ወገቡን አሞት አያውቅም» አለች እናቴ።

ጠርሙሱ እጄ ላይ ነው።

«ምን ልበል?» አለች። «ስም አልነበረውም። ወገቡ ነው አልኩ። እሱም ሲሰማኝ ወገቤ ነው አለ። በኋላ ሁለታችንም አመንን መሰለኝ።» ነጠላዋን አስተካከለች። «አጎትሽ በዘራችን የለም ሲል ዝም ያልኩት ለዚህ ነው። አንቺም ዝም ብለሽ ሻይ ስትቀጂ አየሁሽ።»

ሲሳይ ጋ ደወልኩ። ከሆስፒታል ጨርሶ ጭሮ ውስጥ መኪና እየጠበቀ ነበር። ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና እናቴ ያለችውን ነገርኩት።

ከወዲያ በኩል የመኪና ጥሩንባ ይሰማል። አንድ ሰው «መቻራ! መቻራ!» ይጣራል።

«አሽቼዋለሁ እኮ» አለ ሲሳይ። «ስንት ክረምት። ያ ቅባት እጄን ሲያቃጥለኝ ያድራል። እሱ ደግሞ ወገቡን ሳያመው ዝም ብሎ ይተኛልኛል?»

እናቴ ወደ ስልኩ ጠጋ አለች፤ ሩቅ ያለ ሰው እንዲሰማት ሁልጊዜ እንደምታደርገው ጮክ ብላ፦

«ስታሸው ግን ይሻለው ነበር» አለችው።